ባዮጋዝን በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ ቤቶች እንዴት ማስገባትና ለጎረቤት ማስለመድ ይቻላል

በሱሉልታ፣ በሰንዳፋና በሆለታ አካባቢ ላም የሚያረቡ ቤተሰቦች በየማለዳው የሚጠርጉት እበት ወይ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆናል፣ ወይ በረት ጥግ ተከምሮ ይቀራል። ይኸው እበት አየር በማይገባው ማብላያ ውስጥ ሲብላላ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝ የሆነ፣ ያለጭስ የሚነድ ባዮጋዝ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ሲኒዱ የተባለውን ቋሚ ጉልላት ያለው ማብላያ በገጠር ቤቶች አስተዋውቋል፤ ሆኖም ተሠርተው ሥራ ያቆሙትን ስመለከት፣ ብዙዎቹን ያስቆማቸው የግንቡ ድክመት ሳይሆን የውሃና የዕለት ምገባ ጉድለት ነው።

እበቱንና ውሃውን መለካት

ከግንበኛ ጋር ከመዋዋልዎ በፊት ከበረት የሚወጣውን እበት ለአንድ ሳምንት ያህል በየማለዳው ይመዝኑ። የከብቱን ቁጥር ብቻ መያዝ ያሳስታል፤ ቀኑን በግጦሽ የሚውል ከብት በረት ውስጥ የሚተወው የሌሊቱን እበት ብቻ ሲሆን፣ ታስራ የምትቀለብ የወተት ላም ግን እጅግ የበለጠ ትሰጣለች። ለ6 ሜትር ኩብ ማብላያ በቀን 40 ኪሎ ግራም ገደማ ትኩስ እበትና 40 ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ ይህም ሙቀቱ ጥሩ ሲሆን አንድ ምድጃን ለሦስት ወይም ለአራት ሰዓት ያህል ያነዳል። 40 ሊትር ማለት በጋ ከክረምት በየቀኑ ሁለት ጀሪካን ነው። ውሃው ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ፣ ባዮጋዙ ከእናቶችና ከልጃገረዶች ጀርባ እንጨቱን አውርዶ ጀሪካን ይጭንባቸዋል፤ ስለዚህ የጣሪያ ውሃ ማጠራቀሚያ ይቅደም። የከብት ሽንትም የውሃውን ከፊል ሊተካ ይችላል።

ግንባታው

ይህን ለሠለጠነ ግንበኛ ይተዉት። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ለበረትና ለማእድ ቤት የቀረበ፣ ከውሃ ጉድጓድና ከትልልቅ ዛፎች የራቀ ይሁን። ሲሚንቶ መቆጠብ ከፈለጉ ሌላ ቦታ ይቆጥቡ እንጂ በጉልላቱ የውስጥ ልስን ላይ አይቆጥቡ፤ ጋዙ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ርካሽ የሆነውን የፕላስቲክ ማብላያ ለደጋው ብርድ አልመክርም።

የመጀመሪያው ሙሌት ብዙ እበት ስለሚጠይቅ፣ ግንባታው ሳይጠናቀቅ እርጥበቱን እንደያዘ ማጠራቀም ይጀምሩ። መጀመሪያ የሚወጣው ጋዝ አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት በመሆኑ አይነድም፤ እሳት በሌለበት ወደ ውጭ ይልቀቁት።

ማዋሐድና መመገብ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። እበትና ውሃ የሚዋሐዱበትን የመቀላቀያ ገንዳ መውጫ ደፍነው እበቱንና ውሃውን እኩል በእኩል ያድርጉና፣ ጓሉ ሁሉ ሟሙቶ እንደ አጥሚት እስኪወርድ ድረስ ያማስሉት። ድብልቁ ከወፈረ ከላይ ቅርፊት ሠርቶ ጋዙን ያፍናል፤ ከቀጠነ ደግሞ ሳይብላላ ወደ መውጫው ይገፋል። ገለባና ጭድ ለቅመው ያውጡ። ከዚያም ድብልቁን ጥቂት ደቂቃ አሳርፈው አሸዋው ሲዘቅጥ ድፍኑን ይክፈቱ፤ ከታች የቀረውን አሸዋ ግን አብረው አያስገቡ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የገባ አሸዋ ከዓመታት በኋላ የማብላያውን ሆድ ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ጋዙ ለምን እንዳነሰ ግራ ይገባዋል።

ሳሙና ወይም የበረት ማጽጃ መድኃኒት ያለበት ውሃ እበቱን የሚያብላሉትን ረቂቅ ተሕዋስያን ይገድላል። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም እበትም መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ ድረስ ለብቻው ይቀመጥ።

ብርዱ ሌላው ፈተና ነው። የማብላያው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ጋዙ እጅግ ያንሳል፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት በሱሉልታ ሜዳ ምን እንደሚመስል ነዋሪው ያውቀዋል። ስለዚህ ማዋሐዱን ከማለዳ ይልቅ ወደ እኩለ ቀን ያድርጉት፣ ውሃውን አስቀድመው ፀሐይ ላይ ያቆዩት፣ ጉልላቱንም በአፈር በደንብ ካለበሱ በኋላ በብርዱ ወራት የኮምፖስት ክምር ይጨምሩበት። በበኩሌ በየቤቱ የማዋሐዱን ተራ ለወንዶችም ጭምር እንዲደለደል አጥብቄ እመክራለሁ፤ ለአንዲት እናት ብቻ የተተወ ማብላያ እርሷ በታመመች ወይም በወለደች ጊዜ ይቆማል።

ጥንቃቄ

የቧንቧውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈትሹ። ቤቱ ጋዝ ጋዝ ከሸተተ መስኮትና በር ይክፈቱ፣ እሳት አይጫሩ። ማብላያው ውስጥ ማንም ሰው በምንም ምክንያት አይግባ፤ አየር ስለሌለው ወዲያው ይገድላል። በቧንቧው ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃም በየጊዜው ያስወጡ፣ አለበለዚያ እሳቱ ይቆራረጣል።

ለጎረቤት ማሳየት

በስብሰባ ከመናገር ይልቅ፣ የዕድርተኛ እናቶችን ቡና ጠርቶ ቡናውን በዚያው ምድጃ ማፍላት የበለጠ ያሳምናል። እንጀራ ይጋግራል ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። እውነቱን ይንገሯቸው፦ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ለወጥ፣ ለቡናና ለወተት እንጂ ሰፊውን ምጣድ እኩል ለማጋል አይበቃም፤ ስለዚህ ለእንጀራ የተሻሻለ እንጨት ቆጣቢ ምድጃ ጎን ለጎን ያስፈልጋል። ይህን ሳይሰማ ያስገነባ ሰው ተታለልኩ ብሎ ሌላውን ያስቀራል። ቀጥሎም ወደ ጓሮ ወስደው ከማብላያው የወጣው ዝቃጭ የፈሰሰበትን ጎመን ያሳዩአቸው፤ ኩበቱ ሲነድ የሚጠፋው ናይትሮጅን በዝቃጩ ውስጥ አብዛኛው ስለሚቀር፣ ጥላ ባለበት ጉድጓድ ከገለባ ጋር ተቀላቅሎ ከበሰለ በኋላ ለማሳም ይሆናል።