የማጅራት ገትር ሲጠረጠር ምን እናድርግ?

በባክቴሪያ የሚመጣ የማጅራት ገትር የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ስስ ሽፋን የሚያስቆጣ በሽታ ነው። ጠዋት ጤነኛ የነበረ ሰው ማታ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ እባክዎ ትኩሳቱን ሁሉ ወባ ወይም ታይፎይድ ነው ብለው፣ ክኒን ገዝተው ሲጠብቁ አይደሩ።

1. ምልክቶቹን ይፈልጉ። ድንገተኛ ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ብርሃን መፍራት፣ መቀባዠርና የአንገት መገተር ዋናዎቹ ናቸው። በሽተኛው አገጩን ወደ ደረቱ ማድረስ ካቃተው ይጠርጥሩ፤ ሁሉም ምልክት እስኪሟላ ግን አይጠብቁ። የጨቅላ ሕፃን አንገት ላይገተር ይችላል። ጡት እምቢ ካለ፣ ከተልፈሰፈሰ፣ ሲያቅፉት ይበልጥ ካለቀሰ ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ በቂ ምክንያት ነው። ሲጫኑት የማይጠፋ ሽፍታም ሊወጣ ይችላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ስለማይጎላ መዳፉን፣ ውስጥ እግሩንና የዓይኑን ቆብ ውስጥ ይመልከቱ።

2. በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አስቀድሞ የወሰደው መድኃኒት ካለ ይናገሩ፤ ጀርሙን ከላቦራቶሪ ምርመራ ሊሰውረው ይችላልና።

3. የወገብ ፈሳሽ ምርመራን አይከልክሉ። ብዙ ቤተሰብ ሽባ ያደርጋል ብሎ ይፈራል። መርፌው የሚገባው ግን ሕብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው። ሕክምናው እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ ነው፤ ምርመራው ከዘገየ መድኃኒቱ ይቀድማል። የዳነ ሰው መስማቱን ይመርመር፤ ከዳኑ አምስት ሰዎች አንዱ ዘላቂ ጉዳት ይዞ ይቀራል።

4. አብረው የሚኖሩትን ያስቡ። ጀርሙ ሜኒንጎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ የቅርብ ቤተሰብ የመከላከያ መድኃኒት ሊያስፈልገው ስለሚችል ሐኪሙን ይጠይቁ።

5. ክትባትን አያሳልፉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1981 እና በ1989 ከባድ ወረርሽኞችን አይታለች። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በዘመቻ የተሰጠው ሜንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት ከሜኒንጎኮከስ ኤ ዓይነት ብቻ ይጠብቃል፤ በሌሎቹ ዓይነቶች መያዝ አሁንም ይቻላል። ለሕፃናት የሚሰጡት የአምስቱ በሽታዎችና የኒሞኮካል ክትባቶች ሌሎች ሁለት ዋና መንስኤዎችን ስለሚከላከሉ በቀጠሮ ቀናቸው ይሰጡ። በሽታው የሚበረታው በአቧራማው በጋ ነውና አየር እንዲዘዋወር የመኝታ ክፍልንና የተሽከርካሪን መስኮት ይክፈቱ። ለሐጅና ለዑምራ የሚጓዙም ሳዑዲ ዓረቢያ የምትጠይቀውን የአራቱን ዓይነቶች ክትባት ከመድረሳቸው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመው ይውሰዱ።