ሙያ ለመቀየር ሲነሱ
መልቀቂያ ከማስገባትዎ በፊት ቢያንስ የ6 ወር ወጪ ይያዙ። የሚፈልጉትን ሙያ የሚሠራ ሰው ሲያገኙ ሥራ አይለምኑት፤ የትናንት ውሎውን ከጠዋት እስከ ማታ እንዲነግርዎ ይጠይቁት። ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈው አሰልቺ ክፍል የሚሰማው እንዲህ ነው።

ከዚያ 20 የሥራ ማስታወቂያዎችን ሰብስበው የተጠየቁትን ችሎታዎች አንድ በአንድ ይቁጠሩ። ከ10 በላይ በሚሆኑት ላይ የተጠቀሰና እርስዎ የሌለዎት ችሎታ ካለ፣ ቀድመው የሚማሩት እሱን ነው። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ጋ ነው፦ ሰርተፍኬት ያከማቻሉ፣ የሚያሳዩት ሥራ ግን የላቸውም። ትንሽም ብትሆን አንዲት ሥራ ከዳር ያድርሱ።

ሲቪዎ ላይ የድሮውን ልምድ በአዲሱ ሙያ ቋንቋ ይጻፉት። «አስተማሪ ነበርኩ» ለቀጣሪው ብዙም አይነግረውም፤ «ለ40 ተማሪዎች የዓመት ዕቅድ አውጥቼ በጊዜው አስፈጽሜያለሁ» ግን ለፕሮጀክት አስተባባሪነት በቀጥታ ይሠራል።