የስኳር ታማሚዎችን የቴሌግራም ግሩፕ ለምትመሩ፣ ከደብረ ብርሃን

ግሩፕ መክፈት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ከሃይስኩል ጀምሮ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ኢንሱሊን የሚወስዱ የሰሜን ሸዋ ሰዎች የሚገናኙበትን ግሩፕ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እመራለሁ። «እኛም ልንከፍት ነው፣ ምን እናድርግ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ዋናው ሕጋችን አንድ ነው፦ ስለ ኑሮ እናወራለን፣ ስለ ዶዝ (ስለ ኢንሱሊኑ መጠን) አናወራም። አንዷ የስኳር መለኪያዋን ፎቶ ትለጥፋለች፣ 320 ይላል፤ ከፍ ያለ ነው። ገና ሳይቆይ አንዱ «ኢንሱሊኑን አራት ጨምሪበት» ይላታል። ሌላዋ «እኔማ ስድስት ነው የምጨምረው» ትላለች። ሁለቱም ቅን ናቸው። ግን ልጅቷ ምን እንደበላች፣ ኪሎዋ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተወጋች የሚያውቅ የለም። የበዛ ኢንሱሊን ደግሞ ጉዱ የሚመጣው ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን መልስ ሳንውል ሳናድር እናጠፋዋለን። ከዚያ «ሐኪምሽ ስኳርሽ ሲጨምር ምን አድርጊ ብሎሻል?» ብለን እንጠይቃታለን። ሥራ ቦታ የት ገብቶ እንደሚወጋ፣ ድግስ ቤት «በሞቴ ብዪ» ሲበዛ እንዴት እንደሚታለፍ፣ ለእጮኛ መቼ እንደሚነገር ግን ሐኪም ቤት ማንም አያስተምርም። ግሩፑ ለዚህ ነው።

ፒን የምታደርጉት፣ ማለት ግሩፑ አናት ላይ የምትሰቅሉት መልእክት አጭር ይሁን። የእኛ እንዲህ ይላል፦ ስኳርህ ከ70 በታች ከወረደ፣ ወይም ካላበህና ከተንቀጠቀጥክ፣ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠህ ጠጣ። ከ15 ደቂቃ በኋላ ለካ፤ ካልወጣ ድገመው። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥም፣ ቶሎ ወደ ጤና ተቋም ይወሰዳል። ስኳሩ ከፍ ብሎ የሚያስመልሰው፣ ሆዱን የሚቆርጠው ወይም በኃይል የሚተነፍስ ሰውም ሳይውል ሳያድር ይሂድ፤ «ምግብ አልበላሁም» ብሎ ኢንሱሊኑን በራሱ አያቁም። ከሥር የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 አለ፣ የየወረዳው አምቡላንስ ስልክም አለ። የመጨረሻው መስመር «ድንገተኛ ከሆነ እዚህ አትጻፍ፣ ደውል» የሚል ነው። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ግሩፑን የምንዘጋውም ለዚሁ ነው። ክፍት ከሆነ ሰው መልስ እየጠበቀ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ምስጢር እንምጣ። እኛ አገር ስኳር ያለባት ልጅ ትዳር ታጣለች ብሎ የሚደብቅ ቤተሰብ ዛሬም አለ። ስለዚህ የግሩፑ ስም ላይ «ስኳር» የሚል ቃል አታስገቡ፤ መልእክት በመጣ ቁጥር ስልኩ ላይ ብቅ ይላል። የእኛን ስም ያየ የሰፈር ዕቁብ ነው የሚመስለው። አዲስ ሰው ሲገባ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ፎን ነምበር የሚለው ጋ ሄዶ፣ ቁጥሩ ለማንም እንዳይታይ «ኖባዲ» እንዲያደርግ እናሳየዋለን። ቅጽል ስም ይበቃል፣ ፎቶ ግዴታ አይደለም። ከግሩፑ ስክሪንሾት አውጥቶ ሌላ ቦታ የለጠፈ ያለ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም ቢሆን የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ጋር ነው የመደበው።

መግቢያ ሊንኩን አድሚን ካላጸደቀው እንዳያስገባ አድርጉት። ለሚጠይቅ ሁሉ አንድ ጥያቄ እንልካለን፦ «ኢንሱሊንህን ቤት ውስጥ የት ነው የምታስቀምጠው?» በሽታው ያለበት ሰው፣ ወይም የታማሚ ልጅ እናት፣ ወዲያው ይመልሳል። «ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» መድኃኒት ሻጭ ግን ይንተባተባል። እነዚህ ሰዎች ግሩፑ ላይ ጨዋ ናቸው፤ በውስጥ መስመር ነው የሚመጡት። አባላት እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳቸው ለአድሚን እንዲልኩ ደጋግማችሁ ንገሩ።

ከሻጭ ይልቅ የሚከብደው ሽማግሌ ነው። ሻጭ ይባረራል። ጥሩ አባት፣ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ «እኔ የሽፈራው ቅጠል እየጠጣሁ መርፌ ትቻለሁ» ብለው ሲጽፉ ምን ይደረጋል? በሰው ፊት ማረም ነውር ነው። ዝም ብሎ ማጥፋትም ያስቀይማል። እኛ እንደውላለን። «ጋሼ፣ እንደምን አመሹ? ቤት ደኅና ነው?» ከሰላምታው አትቸኩሉ፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ልጆቹም ይወራ። ከዚያ «ያቺን የጻፏትን አንዲት ልጅ አንብባ መርፌዋን ብትተውስ? እርስዎ ራስዎ ቢያነሷት ይሻላል» ማለት ነው። «ውይ ልጄ፣ እኔ እኮ ይጠቅማል ብዬ ነው» ይላሉ፣ ያነሱታልም። እስኪያነሱት ድረስ ሌላው አድሚን ከሥሩ «መርፌ ያለ ሐኪም አይቆምም» ብሎ ይጽፋል።

ጠበልና ጾምም እንደዚሁ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ የሚሄድ አባል ሁልጊዜ አለ። ማንም አያላግጥበትም፤ ማንም ደግሞ «መድኃኒትህን ጥለህ ሂድ» አይለውም። የምንወደው ጥያቄ «ኢንሱሊኔን እንዴት ይዤ ልሂድ?» የሚለውን ነው፤ ያኔ የሄዱበት ሁሉ ይመልሳሉ። የሁዳዴ ጾምም ሆነ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪምን፣ ከዚያም የንስሐ አባትን ወይም ሼኩን አማክሩ እንላለን። ማን የበለጠ ይጾማል የሚል ክርክር ሲነሳ ግሩፑን ለአንድ ሰዓት እንዘጋለን። አንድ ሰዓት ብዙ ነገር ያበርዳል።

ሌላ ቦታ ያላየሁት አንድ ሕግ አለን። ምክር የሚሰጥ ሰው መጀመሪያ ከተማውን ይጽፋል። መሐል ሜዳ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከጣርማ በር ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። አንዱ «ኢንሱሊንህን ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርገህ፣ መሐሉን እርጥብ አሸዋ ሙላና እዚያ አስቀምጠው» ሲል፣ ሌላዋ «እኔስ ውርጩ በረዶ እንዳያደርገው ጨርቅ ጠቅልዬ ከመስኮት አርቄ ነው የማሳድረው» አለች። ክርክሩ ጦፈ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ አንዱ ቆላ፣ አንዷ ደጋ ናቸው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል። ከተከፈተ ደግሞ አብዛኛው ዓይነት ፀሐይና ሙቀት በማያገኘው ቦታ 28 ቀን ገደማ ይቆያል። አንዴ በረዶ የሠራ ግን ቢቀልጥም አይወጋም።

ኔትወርክ የሚጠፋበትንም ቀን አስቡ። በ2015 መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ለወራት ነው የቆየው። ፈቃደኛ የሆኑ አባላትን ስልክ በከተማ በከተማ ከፍላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከየከተማው አንድ ሰው የራሱን ሰፈር ዝርዝር ይያዝ፣ ሙሉውን ማንም አይያዘው።

ገንዘብ ግሩፑ ላይ አይሰበሰብም። ችግር ያለበት ለአድሚን ይነግራል፣ የሚረዳም በግሉ ይረዳል። ኢንሱሊን ወይም ስትሪፕ (የስኳር መለኪያው ላይ የሚሰካው ወረቀት) የተገኘበትን ፋርማሲ መጠቆም ግን ከምንም በላይ ይጠቅማል። ከተማውን፣ ዋጋውንና ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። ሲያልቅ መልእክቱን አጥፉት፤ ከእነዋሪ ድረስ ትራንስፖርት ከፍሎ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው አለና።