አድራሻ ስነካ ያልፈለግኩት ካርታ ይከፈታል፤ ምን ላድርግ?

ቅዳሜ ለክርስትና ስንሄድ መኪናው ውስጥ ሁለት ስልክ በአንድ ላይ ያወራል። የባለቤቴ «ተርን ራይት» ሲል የኔው «ኮንቲኒው ስትሬት» ይላል። የነካነው አድራሻ አንድ ነው። የሷ አንድሮይድ፣ የኔ አይፎን ነው። «ያንተ ያዞራል»፣ «ያንቺ ትራፊክ ውስጥ ይከታል» እየተባባልን ድግሱ ቤት ደረስን። እኔ ጉግል ማፕስ ጭኛለሁ፤ አድራሻውን ብነካም ግን የተከፈተልኝ እሱ አይደለም።

ችግር፦ አይፎን ላይ ጉግል ማፕስ እያለ የአፕል ካርታ ይከፈታል።

ምክንያቱ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ አይፎን ይዞት የሚመጣው ካርታ የሚሠራው በጉግል መረጃ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ አፕል ያንን አውጥቶ የራሱን ተካ። ካርታው ስሕተት በስሕተት ሆነ። የዚያን ጊዜው የአፕል ዋና ሥራ አስኪያጅ ቲም ኩክ 10 ቀን ሳይሞላ በደብዳቤ ይቅርታ ጠየቀ፤ እስክናስተካክለው የሌሎቹን ተጠቀሙ እስከ ማለትም ደረሰ። ዛሬ ካርታው ብዙ ተሻሽሏል። አድራሻ ሲነካ ቀድሞ የሚከፈተው ግን ያው እሱ ነው።

መፍትሄው እንደምትኖሩበት አገር ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት አገር ከሆናችሁና ስልካችሁ ላይ ያለው አይኦኤስ (አይፎን የሚሠራበት ሥርዓት) 18.4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተገላገላችሁ፦ ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ዲፎልት አፕስ፣ ናቪጌሽን፤ የምትፈልጉትን ምረጡ። ይህን ያመጣው የኅብረቱ ሕግ ነው። እኔ እንዳለሁበት አሜሪካ፣ ወይም አዲስ አበባ ከሆናችሁ ይህ ምርጫ የለም። አድራሻውን ተጭናችሁ ያዙና ኮፒ አድርጉ፣ ጉግል ማፕስ ላይ ለጥፉት። አድራሻው የመጣው በጂሜይል ከሆነ መተግበሪያው ራሱ ሴቲንግ ውስጥ የካርታ ምርጫ አለው፤ አንዴ ማስተካከል ይበቃል።

«የአፕሉን ካርታ ባጠፋውስ?» ትሉ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ። አድራሻ ስትነኩ ስልኩ «ልመልሰው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ ጉግልን አይከፍትም።

ችግር፦ አንድሮይድ ላይ ሁልጊዜ አንዱ ካርታ ብቻ ይከፈታል፤ ምርጫ አይመጣም።

ይሄ የራሳችሁ ጣት ሥራ ነው። ስልኩ «በየትኛው ልክፈት?» ሲል ቸኩላችሁ «ሁልጊዜ» የሚለውን ነክታችኋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የሚያስቸግራችሁን መተግበሪያ ፈልጉ፤ ዲፎልት የሚለውን ክፈቱና አጽዱት። ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ «ነባሪ» ብሎ ነው የሚጽፈው። (መጀመሪያ ሳየው ምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር።)

ችግር፦ አውሮፓ ውስጥ ጉግል ላይ ቦታ ስፈልግ የሚወጣው ትንሽ ካርታ ቢነካም ወደ ጉግል ማፕስ አይወስድም።

አልተበላሸም። በ2024 ሥራ ላይ በዋለው በዚያው የኅብረቱ ሕግ ምክንያት ሊንኩን ጉግል ራሱ ነው ያነሳው። ቦታውን በቀጥታ ማፕስ መተግበሪያው ላይ ፈልጉ።

ችግር፦ ለዘመድ የላክሁለት ሊንክ እሱ ስልክ ላይ በብራውዘር ይከፈታል።

የናንተና የሱ ካርታ የተለያየ ነው። ሊንኩን ተዉትና ቁጥሩን ላኩ። ካርታው ላይ ቦታውን ተጭናችሁ ብትይዙ መገኛው በቁጥር ይወጣል፤ የትኛውም ካርታ መፈለጊያ ላይ ቢለጠፍ ይሠራል። «ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ቢጫው በር» ለሚባልበት ለአዲስ አበባ ደግሞ ከዚህ የተሻለ የለም። መስቀል አደባባይን 9.010, 38.761 ብላችሁ ሞክሩት። ቅደም ተከተሉን እንዳታዛቡ ብቻ፤ 38ቱን ካስቀደማችሁ ዘመዳችሁን ከሰርዲኒያ ደቡብ ባሕር ላይ ትጥሉታላችሁ።