የእጅ ሹራብ ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

በሹራብ ሥራ ላይ ስሕተት ሲገኝ ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚታየው መርፌውን አውጥቶ መተርተር ነው። ይህ ግን የመጨረሻው አማራጭ ሊሆን ይገባል፤ ስሕተቱ የታየበት ረድፍና የተፈጠረበት ረድፍ ብዙ ጊዜ አንድ ስለማይሆኑ፣ መንስኤውን ሳያውቅ የተረተረ ሰው ያንኑ ስሕተት እዚያው ቦታ ላይ መልሶ ይሠራዋል። ስለዚህ ሥራው ብርሃን ባለበት ቦታ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ከመርፌው ወደ ታች ረድፍ በረድፍ መታየት አለበት። ከዚህ በታች «ዐይን» የተባለው እያንዳንዱ ቀለበት ነው። ሁለት እግሮቹ ወደ ታች ሾጥጠው የሚገናኙት «ቀጥ»፣ ጉብታ ሆኖ የሚታየው ደግሞ «ግልብጥ» ተብሏል።

የዐይኖቹ ቁጥር ሲጨምር

በ80 ዐይን የተጀመረ ሥራ ከጥቂት ረድፎች በኋላ 82 ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ የሚመረመሩት ሁለቱ ጠርዞች ናቸው። ረድፉ ሲጀመር ክሩ በመርፌው ላይ ወደ ኋላ ከተጎተተ የመጀመሪያው ዐይን ወደ ላይ ይነሣና ሁለቱ እግሮቹ ሁለት ዐይን ይመስላሉ፤ ሠሪው ሁለቱንም ስለሚሠራ በየረድፉ አንድ ይጨመራል፣ ሥራውም ሳይታሰብ ወደ ጎን እየሰፋ ይሄዳል። መፍትሄው አዲስ ረድፍ ሲጀመር ክሩን በመርፌው ሥር ወደ ታች ጎትቶ የመጀመሪያው ዐይን አንድ ብቻ መሆኑን ማየት ነው። ጀማሪዎች ከሚገጥሟቸው ችግሮች ሁሉ ይህን ያህል የተለመደም፣ ይህን ያህል ለማረም የሚቀልም የለም።

ጭማሪው መሐል ላይ ከሆነና ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ከታየ፣ ከግልብጥ ወደ ቀጥ ሲታለፍ ክሩ ወደ ኋላ ሳይመለስ ፊት ለፊት ቀርቶ በመርፌው ላይ ተደርቧል ማለት ነው። በሚቀጥለው ረድፍ ላይ ከተደረሰበት የተደረበው ክር ከመርፌው ይጣልና ትርፉ በመርፌ ጫፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ላሉት ሦስት አራት ዐይኖች ይከፋፈላል። ብዙ ረድፍ ካለፈ ግን ከቀዳዳው በላይ አንድ ሙሉ የዐይኖች ዓምድ በቅሏል። ዓምዱን እስከ ቀዳዳው ድረስ አፍትቶ ትርፉን በየረድፉ ማከፋፈል ይቻላል። ቦታው የማይታይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዐይን በአንድነት ሠርቶ ቁጥሩን ማስተካከልና ቀዳዳውን ከጀርባ በክር መጥቀም ይበቃል፤ በብብት ሥር ላለች አንዲት ቀዳዳ ሁለት ሰዓት መተርተር ተገቢ አይመስለኝም።

ሦስተኛው መንስኤ የተሰነጠቀ ክር ነው። ክሩ በላላ ሁኔታ የተገመደ፣ የመርፌውም ጫፍ የሾለ ሲሆን መርፌው በዐይኑ ውስጥ ሳይሆን በክሩ መሐል ያልፍና አንዱ ዐይን ሁለት ቀጫጭን ዐይኖች ይሆናል። እዚያው ድረስ ፈትቶ ዐይኑን በሙሉ ክሩ መልሶ መሥራት ያስፈልጋል፤ ክሩ መሰንጠቁን ካላቆመ ጫፉ ደነዝ ወዳለ መርፌ መቀየር ይሻላል።

የዐይኖቹ ቁጥር ሲቀንስ

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ሁለት ዐይኖች ሳይታወቅ በአንድነት ተሠርተው ከሆነ አንዱ በሌላው ላይ ተደርቦ ያዘመመ ጥንድ ይታያል፤ ዐይን ወድቆ ከሆነ ደግሞ ከመርፌው በታች ክፍት ቀለበት፣ ከቀለበቱም በላይ እንደ መሰላል የተደረደሩ አግድም ክሮች ይገኛሉ።

የወደቀ ዐይን ሲታይ በመጀመሪያ በቀለበቱ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ይህ ሳይደረግ ሥራውን ወደ ጎን መለጠጥ መሰላሉን ያረዝመዋል። ከዚያ የኪሮሽ መርፌ ከፊት ወደ ኋላ በቀለበቱ ውስጥ ይገባል፤ ዝቅ ብሎ ያለውን የመጀመሪያ አግድም ክር ይይዝና በቀለበቱ ውስጥ ወደ ፊት ይስባል። አዲሱ ቀለበት ቀጣዩን አግድም ክር ይይዛል፤ እንዲህ እያለ እስከ መርፌው ይወጣል። አንድ አግድም ክር ከተዘለለ በጀርባው በኩል ልቅ ሆኖ ተጋድሞ ስለሚታይ፣ ዐይኑን ወደ መርፌው ከመመለስ በፊት ጀርባውን ማየት ተገቢ ነው። የወደቀው ግልብጥ ከሆነ ሥራውን አዙሮ ከሌላው ወገን በዚሁ መንገድ ማንሣት ይቀላል።

አስቸጋሪው ሁኔታ ዐይኑ ከወደቀ በኋላ ያለ እሱ ብዙ ረድፍ የተሠራ እንደሆነ ነው። ጎረቤቶቹ ዐይኖች ተጠጋግተው ስለተሠሩ ለእሱ የሚሆን ትርፍ ክር የለም፤ በግድ ቢነሣ ዙሪያው ይሸበሸባል። በሚታይ ቦታ ላይ ከሆነ መተርተር ግድ ይላል። በማይታይ ቦታ ከሆነ ቀለበቱን ከጀርባ በቁራጭ ክር አጥብቆ ማሰርና በተያዘው ረድፍ ላይ አንድ ዐይን መጨመር ይበቃል።

መተርተር ግድ ሲሆን

አንድና ሁለት ረድፍ ለመመለስ መርፌውን ሳያወጡ ዐይን በዐይን መፍታት ከሁሉም ያስተማምናል። ከዚያ በላይ ከሆነ የሚፈለገው ረድፍ አስቀድሞ ይመረጣል፤ ከተለመደው ቀጠን ያለ መርፌ በእያንዳንዱ ዐይን ቀኝ እግር ሥር እየገባ ረድፉን በሙሉ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ዋናው መርፌ ወጥቶ ይተረተራል። ክሩ እስከተያዘው ረድፍ ተፈትቶ እዚያው ይቆማል፣ የሚያመልጥ ዐይንም አይኖርም። ውስብስብ ዲዛይን ለሚሠራ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የመጠባበቂያ ክር ማስገባት ይጠቅማል፤ ይኸውም ቁጥሩ ትክክል መሆኑ በተረጋገጠ ረድፍ ላይ ቀጭንና ለስላሳ የጥጥ ክር፣ ቀለሙ ከሥራው የተለየ፣ በሁሉም ዐይኖች ውስጥ ማሳለፍ ነው።

ተተርትሮ የተጨማደደ ክር ወዲያው ቢሠራበት ዐይኖቹ ወጣ ገባ ይሆናሉ። በወንበር መደገፊያ ዙሪያ ተጠቅልሎ፣ በአራት ቦታ ላላ ተደርጎ ታስሮ፣ ለብ ባለ ውኃ ተነክሮ፣ ክብደት ሳይንጠለጠልበት ሲደርቅ ወደ ቀድሞው ሁኔታው ይመለሳል።

ዲዛይኑ ላይ የሚታዩ ጉድለቶች

አንድ ዐይን ከሌሎቹ ጠብቆና እግሮቹ ተቆላልፈው ከታዩ፣ ዐይኑ በመርፌው ላይ ተጣሞ ተቀምጦ ሳለ ተሠርቷል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚከሰተው ከመተርተር በኋላ ዐይኖች በግራ እግራቸው ሲነሡ ነው። በአብዛኛው የተለመደው አሠራር የቀኝ እግር ከመርፌው ፊት እንዲሆን ይጠይቃል። የተገመደ ዲዛይን በተቃራኒ አቅጣጫ ከተጠላለፈ ደግሞ ሥራውን በሙሉ መተርተር አያስፈልግም፤ የግምዱን ዐይኖች ብቻ እስከ መጠላለፊያው አውርዶ፣ ቅደም ተከተላቸውን አስተካክሎ፣ ረድፍ በረድፍ መልሶ ማንሣት ይቻላል።

ልኩ ሳይሆን ሲቀር

ሹራቡ በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳለ ከሰፋ ወይም ከጠበበ፣ መንስኤው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሙከራ ቁራጭ አለመሠራቱ ወይም ሳይታጠብ መለካቱ ነው። መመሪያው በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዐይን ቢልና የሠሪው እጅ 20 ቢሰጥ ልዩነቱ እዚህ ግባ የማይባል ይመስላል፤ ሆኖም 200 ዐይን ባለው ሥራ ላይ 91 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊሆን የታሰበው ዙሪያ 100 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ቁራጩ ቢያንስ በየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ ሹራቡ እንደሚታጠበው ታጥቦና ደርቆ፣ ጠርዞቹ ሳይቆጠሩ መሐሉ ላይ ይለካል። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ዐይኑ ካነሰ እጁ ላልቷልና በግማሽ ሚሊ ሜትር የቀጠነ መርፌ ይሞከራል፤ ከበዛ ወፈር ያለ። እጅን በግድ ማጥበቅ አይመከርም፤ ከጥቂት ረድፍ በኋላ እጅ ወደ ልማዱ ይመለሳልና።

ከሁለቱ እጅጌዎች አንዱ ከረዘመ፣ በሜትር ተለክተው እንጂ ረድፋቸው ተቆጥሮ አልተሠሩም ማለት ነው። ሹራብ ስለሚለጠጥ ሜትር ያሳስታል፤ የረድፍ ቁጥር ግን አያሳስትም።

ጠርዙ ሲጠቀለል፣ አንገቱ አልገባ ሲል

ፊቱ ሁሉ ቀጥ፣ ጀርባው ሁሉ ግልብጥ የሆነ ሥራ መጠቅለሉ የሠሪው ጥፋት ሳይሆን የአሠራሩ ባሕርይ ነው፤ ላይና ታቹ ወደ ፊት፣ ጎኖቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። በውኃና በስፒል ማቃናት ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አይረዳም። ለዘለቄታው የሚረዳው በላስቲክ አሠራር (ቀጥና ግልብጥ በአንድ ረድፍ እየተፈራረቁ) ወይም በሁለቱም ወገን ቀጥ የሆነ ጠርዝ መጨመር ነው።

አንገቱ በጭንቅላት አላልፍ ካለ በየት በኩል እንደጠበቀ መለየት ያስፈልጋል። የጠበቀው መዝጊያው፣ ማለትም ዐይኖቹ የተዘጉበት የመጨረሻው ረድፍ፣ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ መዝጊያው ብቻ ተፈትቶ በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር በሚበልጥ መርፌ እንደገና ይዘጋል። የጠበቀው መጀመሪያው፣ ማለትም ሥራው የተጀመረበት ጠርዝ፣ ከሆነ ግን ከዚያ ወገን እንደ መዝጊያው ተጎትቶ አይፈታም፤ ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ዐይን ይቆረጥና የዚያ ረድፍ ክር ዐይን በዐይን ይወጣል፣ ነጻ የሆኑት ዐይኖች መርፌ ላይ ይወጣሉ፣ ጠርዙም በተቃራኒ አቅጣጫ አዲስ ይሠራል። በቀጥ ሥራ ላይ መገጣጠሚያው አይለይም። በላስቲክ ላይ ግን በግማሽ ዐይን ስለሚዛነፍ መቁረጡ ከላስቲኩ አልፎ በቀጥ ሥራው ላይ ቢሆን ይመረጣል።

የቁልፍ መያዣው ጠርዝ ከተወዛወዘ የተነሡት ዐይኖች በዝተዋል፤ ከተሸበሸበ አንሰዋል። ዐይን ከቁመቱ ይልቅ ስፋቱ ስለሚበልጥ፣ በጎን በኩል ከአራት ረድፍ ሦስት ዐይን ማንሣት ለብዙ ሥራ ይስማማል።

መስፋት፣ ጫፍ መደበቅና ማጠብ

ጥሩ ሥራ በችኮላ የሚበላሸው እዚህ ነው። ስፌቱ ከፊት ለፊት፣ ሁለቱን ጠርዞች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ከጠርዙ አንድ ዐይን ገባ ብሎ ያሉትን አግድም ክሮች ከግራና ከቀኝ በመፈራረቅ እየያዙ ሲሰፋ መስመሩ አይታይም። በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ክሩን መሳብ፣ ከተሳበም በኋላ ስፌቱን መለስ አድርጎ መለጠጥ ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ጎኑ ይሸበሸባል።

የክር ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ፣ ደነዝ ጫፍ ባለው የሱፍ መርፌ በጀርባ በኩል አቅጣጫ እየቀየረ ይገባል። ቋጠሮ ጊዜያዊ ነው፤ ከታጠበ በኋላ ወደ ፊት ብቅ ይላል ወይም ይፈታል። ጥጥና ሐር ስለሚያንሸራትቱ ረዘም ያለ ጫፍ ይፈልጋሉ። ትርፉ የሚቆረጠው ሹራቡ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ሥራው ሲለጠጥ ጫፉ አብሮ ወደ ውስጥ ይሳባል።

ወጣ ገባ ያሉ ዐይኖች አብዛኞቹ በመጀመሪያው እጥበት ይስተካከላሉ። ሱፍ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ይነከራል፤ ሳይታሽና ሳይጨመቅ ከሥር ተደግፎ ይወጣል፤ በፎጣ ተጠቅልሎ ይጫናል፤ በልኩ ተዘርግቶና በስፒል ተይዞ ይደርቃል። ሙቅ ውኃና መታሸት ሲገናኙ ሱፍ ተያይዞ ይደድራል፣ ይኮማተራል፤ ይህን የሚመልስ ዘዴ የለም። በማሽን እንዲታጠብ ተደርጎ የተዘጋጀ ሱፍ በተቃራኒው እርጥብ ሳለ ይለጠጣል። አክሪሊክ ላይ የእንፋሎት ካውያ ከተጠጋ ክሩ ለዘለቄታው ይሞታል፤ ይልፈሰፈሳል፣ ይብለጨለጫል።

ክር ሊያልቅ ሲል

ጥቅሉ 10 ረድፍ ከመሠራቱ በፊትና በኋላ በሚዛን ይመዘን። 6 ግራም ከበላና 24 ግራም ከቀረ፣ የቀረው 40 ረድፍ ያህል ይሆናል፤ ከዚህ ላይ ለመዝጊያው ከስፋቱ ቢያንስ 3 እጥፍ የሚረዝም ክር መቀነስ አለበት። ተጨማሪ ሲገዛ በመለያ ወረቀቱ ላይ ያለው የማቅለሚያ ቁጥር ከቀድሞው ጋር ካልተመሳሰለ፣ በመብራት አንድ የመሰለው ቀለም በቀን ብርሃን መስመር ሠርቶ ይታያል። እንዲህ ሲሆን አሮጌው ክር ሳይሟጠጥ ሁለቱን ጥቅሎች በየሁለት ረድፉ እያፈራረቁ መሥራት ልዩነቱን ይበትነዋል።