የፍሬይልቲ ሞዴል ውጤት በግራፍ ስታወጡ እነዚህን አታድርጉ

ይሄ ቲሲስ ላይ ላላችሁ ነው፣ በተለይ ከጤና ጣቢያ ካርድ እየገለበጣችሁ ዳታ ለሰበሰባችሁት። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፑን ይዞ "እስቲ ይቺን እይልኝ" የሚል አይጠፋም፣ እና ብዙ ጊዜ ሞዴሉ ደህና ነው፣ የሚበላሸው ግራፉ ላይ ነው።

እንበል ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከገላን፣ ከለገጣፎ ምናምን ጤና ጣቢያዎች የቲቢ ታካሚዎች መድኃኒት እስኪያቋርጡ ያለውን ጊዜ ይዛችኋል። ክላስተሩ (ታካሚዎቹ የተቧደኑበት) ጤና ጣቢያው ነው፣ ፍሬይልቲው (ዳታው ላይ ያልተመዘገበ፣ የአንዱን ጤና ጣቢያ ታካሚዎች ሃዛርድ ማለትም በየጊዜው የማቋረጥ ፍጥነት ከሌላው ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርግ አባዢ) የጋማ ስርጭት አለው፣ አማካዩ 1፣ ቫሪያንሱ ቴታ።

ትልቁ ስህተት ከርቩ (እስከዚያ ጊዜ ያላቋረጡት ድርሻ) የማን እንደሆነ ሳይናገሩ መሳል ነው። አንደኛው ከርቭ ፍሬይልቲው 1 የሆነ ጤና ጣቢያ ታካሚ ነው (ኮንዲሽናል)፣ ሌላኛው ሁሉም ጤና ጣቢያ ተደባልቆ የሚታየው ነው (ማርጂናል)፣ ሁለቱ አንድ አይደሉም ኮ! ቴታ 1 ይሁን፣ የተጠራቀመው ሃዛርድም 1 ይድረስ፣ ኮንዲሽናሉ 0.37 ሲሆን ማርጂናሉ 0.50 ነው። ምክንያቱም ፍሬይልቲያቸው ከፍ ያለ ጤና ጣቢያዎች ታካሚያቸው ቶሎ ያልቃል፣ እየቆየ የሚቀረው በአብዛኛው የደህናዎቹ ሰው ነው፣ ዲሞግራፈሩ ቮፔልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 ያነሱትም ይሄንኑ ጣጣ ነው። ቴታ ትንሽ ከሆነ ልዩነቱ ይጠባል፣ ግን አይታችሁ ነው እንጂ ገምታችሁ አይደለም። ስታታ ላይ በኤስቲሬግ የተሠራ ሼርድ ፍሬይልቲ (ክላስተሩ በጋራ የሚይዘው) ካላችሁ ከርቭ የሚስለውን ኤስቲከርቭ ዝም ብላችሁ ስታዙት ኮንዲሽናሉን ነው የሚሰጣችሁ፣ ማርጂናሉን ከፈለጋችሁ አንኮንዲሽናል የሚለውን ኦፕሽን ጨምሩ። ካፕላን ማየርን (ያለ ሞዴል ከዳታው በቀጥታ የሚሳለውን ከርቭ) ኮንዲሽናሉ ላይ ደርቦ "ሞዴሉ አልገጠመም" የሚልም አለ፣ ካፕላን ማየር የሚያየው ድብልቁን ስለሆነ ከማርጂናሉ ጋር ነው የሚወዳደረው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አለ። ሞዴሉ የሁለት ቡድኖች ሃዛርድ ሬሾ (የአንዱ ሃዛርድ ለሌላው ሲካፈል) 2 ብሏችሁ ማርጂናል ከርቮቹን ስታወጡ ሬሾው እየቆየ ወደ 1 ይጠጋል፣ በላይኛው ምሳሌ የቤዝላይኑ ቡድን የተጠራቀመ ሃዛርድ 1 ሲደርስ 1.33 ነው የሚሆነው። ይሄን አይቶ ፕሮፖርሽናሊቲ (ሬሾው በጊዜ አይለወጥም የሚለው ግምት) ፈረሰ ብሎ መደንገጥ የለም። 2 የሚለው ቁጥር አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎችን ስታወዳድሩ ነው፣ በጋማ ፍሬይልቲ ደግሞ ድብልቁ ላይ መጥበቡ የሚጠበቅ ነው።

አር የምትጠቀሙ ደግሞ፣ ኮክስ ሞዴሉ ውስጥ ፍሬይልቲ ካለ ከርቭ የሚያወጣው ሰርቭፊት አዲስ ዳታ አልቀበልም ብሎ ኤረር ይሰጣል፣ ከዛ ሰው ምን ያደርጋል፣ ፍሬይልቲውን አውጥቶ ሞዴሉን እንደገና ሰርቶ ከርቩን ይስልና ከፍሬይልቲው ቴብል ሥር ይለጥፈዋል። ይሄ በጣም ያናድደኛል፣ ቴብሉ ሌላ ሞዴል ግራፉ ሌላ ሞዴል! ፍሬይልቲኢኤም የሚባለው ፓኬጅ ሁለቱንም ከርቭ ያወጣል፣ እሱን ጫኑ።

የጤና ጣቢያዎቹን ፍሬይልቲ ስትስሉ ስኬሉን እዩ፣ ኮክስፒኤች (አር ላይ ኮክስ ሞዴሉን የሚሠራው) የሚያስቀምጠው በሎግ ነው፣ ስለዚህ መሃል መስመሩ 0 ላይ ነው፣ 1 ላይ ማስመር ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ኤክስፖነንሺያል አድርጉት። ከዛ በኋላ ነጥቦቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሮ "ይሄ ጤና ጣቢያ የመጨረሻ ወጣ" ማለት ደግሞ የሰው ስም ማጥፋት ነው። ታካሚው ጥቂት የሆነ ጤና ጣቢያ ግምቱ ወደ መሃል ይሳባል፣ ኢንተርቫሉም ሰፊ ነው፣ ስለዚህ ኢንተርቫል የሌለው ነጥብ አታውጡ፣ ስማቸውንም በኮድ ቀይሩት።

የሃዛርድ ሬሾ አክሲስ ሎግ ይሁን፣ አለበለዚያ 0.5 እና 2 ከ1 እኩል ርቀት ላይ አይታዩም። ከከርቩ ሥር በየወሩ ክትትል ላይ የቀረውን ሰው ቁጥር አስገቡ፣ ጫፍ ላይ ሶስት አራት ሰው ብቻ ከቀረ መስመሩን እዛ ጋ ቁረጡት።