በእንግሊዝ አገር የቡና ቤት ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ለማውጣት ፈቃድ እንዴት ይገኛል?

በእንግሊዝ ቡና ቤት ወይም ምግብ ቤት ካለዎትና ደንበኛ ውጭ ተቀምጦ እንዲጠጣ ከፈለጉ፣ የሚያስፈልግዎት ፈቃድ ፔቭመንት ላይሰንስ ይባላል፤ የሚሰጠውም ካውንስሉ፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር ነው። በ2020 በኮቪድ ምክንያት ለጊዜው ተብሎ የመጣ አሠራር ሲሆን ከማርች 31 ቀን 2024 ጀምሮ ቋሚ ሆኗል። ክፍያው በየካውንስሉ ይለያያል፤ ለመጀመሪያ ማመልከቻ ከ500 ፓውንድ፣ ለማሳደሻ ከ350 ፓውንድ መብለጥ ግን አይችልም። ስኮትላንድና ዌልስ በዚህ ሕግ አይመሩም።

ደጃፉ የማን ነው?

ወንበር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይለዩ። ከግድግዳው ቀጥሎ ያለው ቁራጭ የሕንፃው ባለቤት ንብረት ሆኖ፣ ቀሪው የሕዝብ መንገድ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ለንደን ውስጥ ወሰኑን የሚያሳዩ ትንንሽ የብረት ምልክቶች ንጣፉ ላይ ተቀብረው ይታያሉ። ፔቭመንት ላይሰንስ የሚሠራው ለሕዝቡ መንገድ ብቻ ሲሆን፣ እዚያ የፕላኒንግ ፈቃዱንም (የግንባታና የቦታ አጠቃቀም ፈቃዱን) አብሮ ይሸፍናል። በግል ይዞታው ላይ ግን ጉዳዩ የአከራይዎ ስምምነት፣ ምናልባትም የፕላኒንግ ፈቃድ ይሆናል። ካልለየልዎት የካውንስሉን የመንገድ ክፍል በኢሜይል ይጠይቁ፤ መልሱንም ያስቀምጡ።

የመጠጥ ፈቃድዎን ያውጡና ያንብቡ

ፔቭመንት ላይሰንስ ወንበርና ጠረጴዛ ለማስቀመጥ እንጂ አልኮል ለመሸጥ አይደለም። ሽያጩን የሚፈቅደው ፕረሚስስ ላይሰንስ የሚባለው የቤቱ የመጠጥ ፈቃድ ነው። ከእሱ ጋር የተያያዘውን ፕላን ይመልከቱ። የተከለለው መስመር በሩ ላይ የሚያበቃ ከሆነ፣ ከውስጥ ተገዝቶ ደጃፍ ላይ የሚጠጣ ቢራ በሕጉ ከቤት ወጥቶ እንደተጠጣ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ላይሰንሱ ላይ ኦፍ ሴልስ (ከቤቱ ውጭ ለሚጠጣ መሸጥ) የሚል መኖር አለበት። በኮቪድ ጊዜ የወጣው ልዩ ሕግ ይህን ክፍተት ይሸፍን ነበር፤ እሱ ግን ማርች 31 ቀን 2025 አብቅቷል። የእርስዎ ኦን ሴልስ (እዚያው ውስጥ ለሚጠጣ መሸጥ) ብቻ ከሆነ ላይሰንሱ እንዲሻሻል ያመልክቱ። ሙሉ ማሻሻያ ሲሆን ሰማያዊ ማስታወቂያ ለ28 ቀናት ይለጠፋል፣ በአካባቢ ጋዜጣም ይወጣል። ከፔቭመንት ላይሰንሱ የበለጠ ጊዜ ስለሚበላ ይህን ያስቀድሙ። በላይሰንሱ ላይ «ከዚህ ሰዓት በኋላ መጠጥ ወደ ውጭ አይወጣም» የሚል ግዴታ ካለ ደግሞ፣ አዲሱ ፈቃድ አይሽረውም።

ልኬት

ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ነው። ካውንስሉ የሚጠይቀው ጠረጴዛዎ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ሳይሆን ለእግረኛ ስንት እንደሚቀር ነው። የመንግሥት መመሪያ 2 ሜትር ነፃ መተላለፊያ ይመክራል፤ ከ1.5 ሜትር በታች ተቀባይነት የማግኘት ዕድሉ ጠባብ ነው። ሰው የሚበዛበት ጎዳና ላይ ከ2 ሜትርም በላይ የሚሉ ካውንስሎች አሉና የእርስዎን ካውንስል ፖሊሲ ከድረ ገጹ ላይ ያንብቡ።

ሜትሮ ይዘው ከግድግዳው እስከ መንገዱ ጠርዝ መለካት አይበቃም። የመብራት ምሰሶ፣ የቆሻሻ መጣያ፣ የብስክሌት ማሰሪያ፣ የዛፍ ጉድጓድ ካለ ልኬቱ የሚቆመው እነሱ ጋ ነው። የእግረኛው መንገድ 3.20 ሜትር ስፋት አለው እንበል። የምሰሶው የውስጥ ጎን ከጠርዙ 60 ሳንቲ ሜትር ገብቷል። የሚቀረው 2.60 ነው፤ 2 ሜትሩን ሲቀንሱ ለእርስዎ 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይተርፋል።

ባዶ ወንበር መለካትም ስህተት ነው። ሰው ሲቀመጥና ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ይገፋል። 60 በ60 የሆነ ጠረጴዛ ላይ አንዱን ወንበር ወደ መንገዱ በኩል ካደረጉት ከግድግዳው 1.40 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሁለቱንም ወንበሮች በግድግዳው አቅጣጫ፣ ግራና ቀኝ ቢያደርጓቸው ግን ጥልቀቱ በ60 እና በ70 ሳንቲ ሜትር መካከል ይቀራል፤ ርዝመቱ 2.20 ሜትር ገደማ ይሆናል። ለጠባብ መንገድ የሚያዋጣው ይህኛው አቀማመጥ ነው። ቤትዎ 6 ሜትር ፊት ኖሮት በሩ 1.20 ከወሰደ፣ የሚገባው ሁለት ጠረጴዛ፣ አራት ወንበር ነው። ስምንት ጽፎ ከመከልከል አራት ጽፎ መፈቀድ ይሻላል።

ጥላ ካለዎት የሚለካው ዘንጉ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ የተዘረጋው ጨርቅ ጠርዝ ነው። መከለያ ሲመርጡ ገመድ የተንጠለጠለበትን ምሰሶ ይተዉት፤ የማየት ችግር ያለበት ሰው ዱላ ከሥሩ ያልፋል። ከታች ዱላ የሚነካው አግዳሚ ያለው፣ ቀለሙ ከንጣፉ የሚለይ መከለያ ይግዙ። በየምሽቱ የሚገባ እንጂ መሬት ላይ በብሎን የሚታሰር ዕቃ አይፈቀድም። የጋዝ ማሞቂያ ጥያቄ ያበዛል፤ ብርድ ልብስ ርካሽ ነው።

ፕላኑን ለመሥራት አርክቴክት መቅጠር አያስፈልግም። ሕንፃው በቀይ መስመር የተከበበበት ካርታ፣ ከዚያም በሩን፣ ምሰሶውን፣ እያንዳንዱን ጠረጴዛና ነፃውን መተላለፊያ ከነልኬቱ የሚያሳይ ንጹሕ ሥዕል ይበቃል። በመስፈርት (በስኬል) ካልተሳለ ቁጥሮቹ በግልጽ ይጻፉበት።

ማስገባትና መለጠፍ

ከፕላኑ ጋር የዕቃዎቹን ፎቶ፣ የሚጠቀሙበትን ቀንና ሰዓት፣ የሕዝብ ተጠያቂነት ኢንሹራንስ (በዕቃዎ ሰው ቢጎዳ ካሳ የሚከፍለውን) ያያይዙ። ብዙ ካውንስሎች የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ሽፋን ይጠይቃሉ፤ ኢንሹራንሱ የውጪውን ቦታ መጨመሩን ከድርጅቱ ያረጋግጡ። ሰዓቱን ቅጹ ላይ ሲሞሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ከምሽቱ 3 ሰዓት 21:00 ነው።

ማመልከቻው በገባበት ቀን ማስታወቂያው ደጃፍ ላይ መለጠፍ አለበት። በማግስቱ ቢለጠፍ ሒደቱ እንደገና ሊጀመር ይችላል። ማታ ብቻ የሚከፍት ቡና ቤት መስኮቱ ላይ ለጥፎ ቀን ሙሉ መዝጊያውን ቢያወርድ፣ ማንም አላነበበውም ማለት ነው፤ መዝጊያው በማይሸፍነው ቦታ፣ በዓይን ከፍታ ይለጥፉ። ቀኑ የሚታይበት ፎቶ አንስተው ለካውንስሉ ይላኩ።

ከማግስቱ ጀምሮ 14 ቀን ሕዝብ አስተያየት ይሰጣል፤ በተከታዩ 14 ቀን ካውንስሉ ይወስናል። እስከዚያ ካልወሰነ ፈቃዱ ባመለከቱት መሠረት ለሁለት ዓመት እንደተሰጠ ይቆጠራል። ቢሆንም ጠረጴዛ ከማውጣትዎ በፊት ኢሜይል ጽፈው ማረጋገጫ ይያዙ። ከተከለከሉ በሕግ የተቀመጠ የይግባኝ መብት የለም፤ ያለው መንገድ ምክንያቱን አስተካክሎ እንደገና ማመልከት ነው፤ ያም ሌላ ክፍያ ነው። ስለዚህ ከፎቅ የሚኖሩትን ጎረቤቶች አስቀድሞ ማነጋገር፣ የመዝጊያ ሰዓቱንም መጠነኛ አድርጎ መጠየቅ ያዋጣል። ሰላም የሆነ አንድ የሙቀት ወቅት ካለፈ ሰዓት ለማስጨመር ይቀላል።

ከተፈቀደ በኋላ

የማይጨስበት መቀመጫ ማዘጋጀት በሕግ የታዘዘ ነው። የማይጨስበትን በምልክት ይለዩ፣ መተርኮሻ አያስቀምጡበት፣ ከሚጨስበት ቢቻል 2 ሜትር ያርቁት። ሺሻም እንደ ሲጋራ ይቆጠራል። ሁለት ጠረጴዛ ብቻ ካለዎት ማጨስን ጭራሽ መከልከሉ ይቀላል፤ ይህን ግዴታ የሚያደርጉ ካውንስሎችም አሉ።

ያለ ፈቃድ የወጣ ዕቃ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ካልተነሳ፣ ካውንስሉ ወስዶ ወጪውን ያስከፍላል፤ በሦስት ወር ውስጥ ካልተከፈለ ሊሸጠው ይችላል። ላይሰንሱ የሚያበቃበትን ቀን ካላንደር ላይ ይጻፉና ሁለት ወር ሲቀረው ያድሱ፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ሲያመለክቱ ክፍያው የአዲስ አመልካች ይሆናል፣ እስኪወሰንም ወንበሮቹ ውስጥ ይቀመጣሉ።